ከነቆቡ የተነሣው ባለቤቴ

ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ሞቷል። ለመጀመሪያው ሞቱ ያልተሟላለት ነገር አልነበረም፤ ካህን መጥቷል፣ ቆብ ተደፍቶለታል፣ የሙታን ጸሎት ተነቦለታል፣ ዘመድ ከየአገሩ ተሰብስቦለታል። የጎደለው መሞቱ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ግን ሞቱ ብቻ መጣና ሌላው ሁሉ ቀረ። ታላቅ እኅቱ እስከ ዛሬ የሚያለቅሱት በዚህ ነው፤ ወንድማቸው በመሞቱ ሳይሆን ሳይሰናዳ በመሞቱ። እኔ የማለቅሰው በመሞቱ ነው። አንድ ቤት ተቀምጠን፣ ለአንድ ሰው፣ ሁለት ዓይነት ለቅሶ እናለቅሳለን።

አባቴ የቅኔ መምህር ስለ ነበር ከወንዶቹ ተማሪዎች ጋር ፊደል ቆጥሬ አድጌአለሁ። ስለዚህ የሁለቱንም ሞት ነገር ልጽፈው አሰብሁ። የምጽፈው በቀን ጥቂት ጥቂት ነው። አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ጽፌ ብዕሩን አስቀምጣለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሳቄ ይመጣብኛል፤ ሐዘንተኛ ስትስቅ ጎረቤት እንዳይሰማ በነጠላዬ አፌን ይዤ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ሞት የመጣው ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በክረምቱ መውጫ ላይ ነው። በዚያ ክረምት ጎንደር ላይ ተስቦ ያልገባበት ሰፈር አልነበረም። ባለቤቴ በአዘዞ በኩል ባለው መንገድ ጥገና ላይ የሠራተኞች አለቃ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ራሴን አለ፤ በማግሥቱ አልጋ ላይ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ሰው መለየት ተወ። ከሆስፒታል አንድ ድሬሰር እየለመንሁ እያመጣሁ መርፌ አስወጋው ነበር።

ወሬው ወገራ ሲደርስ እትዬ በበቅሎ መጡ። እትዬ የምላቸው የባለቤቴን ታላቅ እኅት ነው፤ እናታቸው ቀድማ ስለ ሞተች እሱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ ሲመጣ «እንዴት ዋለ?» ይላል። እትዬ ግን ገና ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፣

«መንኩሷል?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ገና ሰው ነው።»

«ሰው መሆኑማ ነው የሚያስፈራኝ።»

ይህ ልማድ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልናገር። በአገራችን ምንኩስና እንደ ሁለተኛ ጥምቀት ነው ይባላል፤ ቆብ የደፋ ሰው የቀድሞ ኃጢአቱ ታጥቦለት እንደ አዲስ ይቆጠራል። በልጅነታቸው ዓለምን ንቀው፣ እግዚአብሔርን ወደው ገዳም የሚገቡ እውነተኞች አሉ፤ በእነሱ አልስቅም። የእኛ ሰው ግን ነገሩን በብልሃት ነው የሚይዘው። ቀድሞ የመነኮሰ ዕድሜውን ሙሉ ጥሬ ይቆረጥማል፤ የዘገየ ደግሞ ሳይታጠብ ያመልጠዋል። ሸጋ የሚባለው ምንኩስና እንግዲህ ሥጋው ተበልቶ ካበቃ በኋላ፣ ትንፋሹ ከማለቁ በፊት፣ በዚያች ቀጭን ቀዳዳ የሚገባው ነው። እትዬ ይህችን ቀዳዳ በመጠበቅ የታወቁ ሴት ነበሩ። አባታቸውን፣ አጎታቸውን፣ የገዛ ባላቸውንም ሳይቀር በሰዓቱ አስመንኩሰው ቀብረዋል። አንዱም አልዘገየባቸውም፤ አንዱም አልቸኮለባቸውም።

የነፍስ አባታችን መነኩሴ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን በዚያ ክረምት ሥራ በዝቶባቸው ቆቡን በቦርሳ ይዘው ነበር የሚዞሩት። እትዬ ሲያስጠሯቸው ከአንድ ቤት ወጥተው ወደ ሌላ ቤት ሊሄዱ መንገድ ላይ ነበሩ። ገቡና አልጋው አጠገብ ቆሙ።

«ልጄ፣ ምንኩስናን ፈቅደሃል?» አሉት።

ባለቤቴ ዓይኑ ተከድኖ ይቃትታል።

«ፈቅዷል» አሉ እትዬ።

«እሱ ይመልስልኝ እንጂ።»

«ጣቱን አነቃነቀ! አያችሁ? ያውላችሁ ፈቀደ!»

«ዝንብ ነው» አልሁ። ግንባሩን በጨርቅ እያበስሁ ስለ ነበር ዝንቡን አይቼዋለሁ፤ ጣቱ ላይ ሲያርፍበት ነው ያንቀሳቀሰው።

«ምነው አንቺ! በወንድሜ ነፍስ ትቀልጃለሽ?» ብለው እትዬ ተቆጡኝ። የነፍስ አባታችን አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ በሩን አዩ። በር ላይ ከሌላ በሽተኛ ቤት የመጣ ሰው ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ጸሎቱን ጀመሩ። መነኩሴ ለዓለም ሙት ነውና ፍትሐት ተፈታለት፤ አዲስ ስም ተሰጠው፤ ቆቡ ተደፋለት። እኔን ማንም የጠየቀኝ የለም። ቆቡ ለትልቅ ራስ የተሰፋ ኖሮ እስከ አፍንጫው ወረደ። እትዬ እፎይ ብለው፣ ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሱ።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ባለቤቴ ላብ በላብ ሆነ። ትኩሳቱ እንደ ውኃ ከላዩ ወረደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምፁን ሰማሁ።

«ምነው ጨለመብኝ? ሞትሁ እንዴ?»

ሮጬ ቆቡን ከዓይኑ ላይ ከፍ አደረግሁለት። «አልሞትህም።»

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቆብ ነው።»

«የማን?»

«ያንተ» ልል ጀመርሁና መነኩሴ በአንተ እንደማይጠራ ትዝ ቢለኝ፣ «የእርስዎ» አልሁ። ካገባኝ ቀን ጀምሮ አንቱ ብዬው አላውቅም ነበርና፣ ከተስቦው ይልቅ ይህች ቃል አስደነገጠችው።

የነፍስ አባታችን የቀብሩን ሰዓት ሊጠይቁ ሲመጡ ባለቤቴን ተቀምጦ አጥሚት ሲጠጣ አገኙት። በሩ ላይ እንደ ቆሙ አጥሚቱን አዩ፣ ቆቡን አዩ። በመጨረሻም፣ «እንዲህ ካመነኮስኋቸው ሁሉ የተነሣብኝ አንተ ብቻ ነህ» አሉ።

ድሬሰሩ፣ «የዳነው በመርፌው ነው» አለ። እትዬ በቆቡ ነው አሉ። ተከራከሩ። ድሬሰሩ፣ «እንግዲያስ አቅም እንዲያገኝ የሥጋ መረቅ ይጠጣ» ሲል እትዬ ጆሯቸውን ያዙ፤ መነኩሴ ሥጋ ይበላል እንዴ! እንግዲህ በዚያን ዕለት ሁላችንም ነገሩ ገባን። ያመነኮስነው ለሞት ነበር፤ ለኑሮ አላሰብንም። ባለቤቴ በሕይወት ያለ ሙት ሆነ፤ እኔም ባሏ በሕይወት ያለ መበለት ሆንሁ።

ከእኔ ጋር ሊያድር አይችልምና ማደሪያ ተፈለገለት። ግቢያችን ውስጥ አንዲት የዶሮ ጎጆ ነበረች። ዶሮዎቹ ወጡ፣ ባለቤቴ ገባ። ዶሮዎቹ አልወደዱትም፤ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆመው ይጮኹበት ነበር። ምግቡን እወስድለትና ደጅ አስቀምጬ «አባ፣ ምሳ» እላለሁ። በአዲሱ ስሙ ብንጠራው ዞር አይልም፤ ረስቶት «የማንን ነው የምትጠሩት?» ይለናል። ቀድሞ አብሮት ገበጣ የሚጫወት አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበር፤ ሲያልፍ ባርኔጣውን እያነሣ እጅ ይነሣው ጀመር። ባለቤቴ ከሁሉም ይልቅ ይህ ከነከነው። «አያ፣ ምነው እጅ ይነሡኛል?» ቢለው፣ «ከሞት ጋር ተነጋግረህ የመጣህ ሰው ነህ፤ ማን ያውቃል» አለው።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ፣ «አንተ ሰው፣ አፍህ እሺ ሳይል የተደፋ ቆብ ምን ያስርሃል? ወደ ቤትህ ግባ» አልሁት።

እሱ ግን አልሳቀም። «አንቺ ታውቂዋለሽ ያንን ነገር» አለኝ።

አውቀዋለሁ። በጣሊያን ጊዜ መንገድ ሲሠራ ባለቤቴ ካቦ ነበር፤ ሠራተኛ የሚያሠራ ማለት ነው። አንድ ቀን አንድ የማክሰኝት ሰው ደክሞት ጥላ ሥር ተኝቶ አገኘው፤ ጣሊያኑ ደግሞ ቆሞ ያይ ነበር። ባለቤቴ ሰውየውን በተኛበት በዱላ መታው፤ እግሩን ሰበረው። ሰውየው ዳነ፤ ግን አንካሳ ሆኖ ቀረ። ሌሊት ስንተኛ ብቻ ሳይሆን፣ ቀን ስንቀመጥም ይህ ሰው በመካከላችን ነበር።

«ይህ ቆብ ሸፍኖልኛል» አለ ባለቤቴ። «ካወለቅሁት ያ ነገር ተመልሶ ይመጣል። በእግዚአብሔር ፊት በምን እቆማለሁ?»

ከቤቴ ያወጣብኝ ቆቡ ሳይሆን ፍርሃቱ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ፍርሃት ደግሞ እንደ ቆብ ቀና ተደርጎ አይነሣም።

እትዬ ግን መድኃኒቱን ያውቁ ነበር። «ቆብ ያለ ስግደት ባዶ ጨርቅ ነው» ብለው ከወገራ አንድ ስልቻ አተር አስመጡ። አንድ ሲሰግድ አንዲት አተር ከስልቻው አንሥቶ ገበታ ላይ ይጥላል። ለዱላው ይህን ያህል አተር፤ ለስድቡ ይህን ያህል፤ ሰውየው በእንቅልፉ ላይ በመመታቱ ደግሞ ለብቻው ይህን ያህል። እትዬ እንዲህ ያለውን ሁሉ ያውቃሉ፤ ማን እንደ ነገራቸው ግን ጠይቀናቸው አናውቅም።

«ስንት ጊዜ ነው የመታኸው?» አሉት።

«እኔ እንጃ እቴ። በቁጣ ላይ ማን ይቆጥራል?»

«እንግዲያ አብዛው። ቢተርፍ ይሻላል ቢጎድል?»

ባለቤቴ ገና ከተስቦ የተነሣ ሰው ነው። ቢሆንም ሰገደ። ገበታው ሲሞላ ፊቱ ትንሽ ይፈካል፤ ወደ ስልቻው ሲያይ ደግሞ ይጠቁራል። እኔ ከቤት ሆኜ ግንባሩ መሬት ሲነካ እሰማ ነበር። እትዬ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው፣ እንደ ግምጃ ቤት ሹም ይጠብቁታል።

አንድ እሑድ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ የጎጆዋ በር ሳይዘጋ ቀረ። ዶሮዎቹ ቤታቸው ነውና ገቡ። ባለቤቴ ሲመለስ ጩኸቱ ሰፈሩን አናወጠው።

«ጨረሱት! የሰገድሁትን ጨረሱት!»

ሮጬ ስገባ ገብስማዋ ዶሮ ገበታው መካከል ቆማ የመጨረሻዎቹን ትለቅማለች። የሰገደበት አተርና ገና ያልሰገደበት አተር ተቀላቅሏል፤ ከስልቻውም ፈስሷል። ባለቤቴ ዶሮዋን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዳያርዳት መነኩሴ ሆኖበት፣ እንዳይለቃት ቆጭቶት፣ ቆሞ ቀረ።

«ጽድቄን በላችው» አለኝ።

ልችል አልቻልሁም፤ ሳቅሁ። ተቆጥቶ አየኝ። ዶሮዋ በእጁ ላይ ሆና አንዴ ቋ ብትል፣ እሱም ሳቁ አመለጠው። ቆቡ ከራሱ ላይ እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠና ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። «ሳስበው፣ ዶሮ የሚለቅመው ጽድቅ ነው የያዝሁት» አለ።

እትዬ ግን ፈርደው ነበር። የሰገደው ስንት እንደሆነ ስለማይታወቅ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ዶሮዋም የሰው ጽድቅ ሆዷ ውስጥ ስላለ ለቤተ ክርስቲያን ትሰጥ እንጂ ከቤት አትታረድ።

ነገሩ ከአቅማችን በላይ ሲሆን የነፍስ አባታችንን አስጠራሁ። ባለቤቴ፣ እትዬና እኔ የጎጆዋ ደጅ ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርናቸው። ዶሮዋ ዘንድ ስንደርስ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲገልጡት ግን ዓይናቸው እርጥብ ነው።

«ልጄ፣ ስትጠመቅ ስንት ዓመትህ ነበር?» አሉት።

«እንደ ማንኛውም ወንድ፣ በአርባ ቀኔ ነዋ አባቴ።»

«በዚያን ቀን ምን ይዘህ መጣህ? ምን ጾመህ፣ ምን ሰግደህ?»

«ምን እይዛለሁ። እንደ ነገሩኝ ከሆነ ቄሱ ላይ ሸንቻለሁ።»

«ቄሱ መለሱህ?»

«ኧረ አልመለሱኝም፤ አጠመቁኝ።»

«እንግዲህ እግዚአብሔር ልጄ ያለህ ሸንተህ ሳለ ነው። ያን ጊዜ በባዶ እጅህ የተቀበለህ፣ ዛሬ አተር ጎደለ ብሎ የሚያባርርህ ይመስልሃል?»

ባለቤቴ ወደ ስልቻው አየ። እትዬ ግን አልተዋጠላቸውም። «አባቴ፣ እንዲህ ከተባለማ ማን ይሰግዳል? ማንስ ይጾማል? ሁሉም እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣላ!»

«ልጅ አባቱን የሚያገለግለው ልጅ ለመሆን ነው ወይስ ልጅ ስለሆነ?» አሏቸው። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «የዚያን ሰው ነገር ነግረኸኝ ፈትቼህ የለም?»

«ፈትተውኛል።»

«የተፈታ በሬ ቀንበሩን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል?» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «ስጠኝ ቆቡን። ምንኩስና ለሚወደው ሰው ነው፤ ለፈራ ሰው መደበቂያ አይደለም። ይህች ልጅ ዝንብ ነው ብላኝ ነበር፤ ሰምቻታለሁ። ሌላ ጣረኛ ይጠብቀኝ ነበርና ቸኮልሁ። እዳው የእኔ ነው።»

ባለቤቴ ቆቡን አውልቆ ሰጣቸው። ወዲያው እጁ ወደ ራሱ ሄደ፤ ዝናብ የሚወርድበት ይመስል ራሱን በመዳፉ ሸፍኖ ተቀመጠ። ሰማዩ ግን ጠራ ያለ ነበር፤ ምንም አልወረደበትም።

ወዲያው ወደ ቤት የገባ እንዳይመስላችሁ። ጥቂት ቀን ያለ ቆብ እዚያችው ጎጆ ውስጥ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ «ማክሰኝት ልሄድ ነው» አለ። እርስ በርስ ተያየን። እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ሰውየው መሄድ ለአንዳችንም አልታሰበንም ነበር። ስልቻ ሙሉ አተር ሲሰገድ፣ ማክሰኝት በማኪና ቅርብ እንደ ነበር ረስተነዋል።

በገበያ ቀን በጭነት ማኪና ላይ ተሳፍረን አብረን ሄድን። ሰውየውን እያጠያየቅን አገኘነው፤ ከብት ተራው ዳር ፍየሎች ይዞ፣ አንዱን እግሩን ጎትቶ ቆሟል። በዕድሜ ይበልጠናል።

«አያ፣ ያውቁኛል?» አለው ባለቤቴ።

«አላወቅሁህም።»

«በጣሊያን ጊዜ ካቦ ነበርሁ። ጥላ ሥር ተኝተው ሳለ የመታሁዎ እኔ ነኝ።»

«እኔን የመታኝ ካቦ አንድ ነው እንዴ! አንተ የትኛው ነህ?»

«እግርዎን የሰበርሁት።»

ሰውየው ፊቱን ቋጠረ። ከላይ እስከ ታች አየው። «እንዲያ ከሆነስ አንተ ነህ» አለ። የፍየሎቹን ገመድ በእጁ ላይ ጠመጠመና፣ «ምነው እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» አለው።

«ስሰግድ ነበር።»

«ለእግዜር?»

«አዎን።»

«እኔ እቀርብህ አልነበር?»

ባለቤቴ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ሰውየው በትከሻው ያዘው። «ተው፣ ተው፣ ሰው ያየናል። ይልቅ ይህን ፍየል ያዝልኝ። እንደምታየው ነው፣ ካመለጠኝ አልደርስበትም።»

ባለቤቴ እስከ ገበያው መፍቻ ድረስ ፍየል ሲይዝ ዋለ። ፍየሉ ተንኮለኛ ስለ ነበር ሁለት ጊዜ መሬት ለመሬት ጎተተው፤ ሰውየውም ሆዱን ይዞ ሳቀበት። ስንለያይ ባለቤቴ፣ «አያ፣ ይቅር ብለውኛል?» ቢለው፣ «ሂድ በል፣ ማኪናው ያመልጣችኋል» አለውና ለስንቁ ከያዘው ጥሬ ዘግኖ በኪሱ ጨመረለት።

ማኪናው ላይ ሆነን ባለቤቴ ያሰላስል ነበር። «ፍየሉን ስለያዝሁለት ይሆን የማረኝ?» አለኝ።

«ባይምርህ ፍየሉን ያምንሃል?» አልሁት።

ሲመሽ ከቤት ደረስን። ጎጆዋን አልፎ ከእኔ ጋር ገባ። ዶሮዎቹም በማግሥቱ ቤታቸው ተመለሰላቸው። ከዚያ በኋላ ጾመ፣ ሰገደ፣ ነዳያንን አበላ፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ። ማክሰኝትም በየገበያው እየሄደ ፍየል ይይዝ ነበር። ግን ምን ያህል እንዳደረገ ማንም ሲጠይቀው፣ «እኔ እንጃ» ነበር መልሱ።

ዘንድሮ በጥር አንድ ቀን፣ «ፀሐይ ልሙቅ፤ ምሳ ሲደርስ ጥሪኝ» ብሎ ደጅ ወጣ። ሲደርስ ጠራሁት።

ካህን አልነበረም። ቆብ አልነበረም። ግድግዳውን ተደግፎ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ነበር፤ መዳፎቹ ባዶ ነበሩ።

እትዬ ያንን ቆብ አስወለቁብኝ ብለው እስከ ዛሬ የነፍስ አባታችንን በእግዚአብሔር ፊት ይከስሷቸዋል። ለቅሶው ካለፈ በኋላም ወገራ አልተመለሱም። ወንድማቸው የተወውን ስግደት እሳቸው ሊጨርሱለት፣ በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲሰግዱ ይውላሉ። እኔንም ቆብ ድፊ ይሉኛል። ብደፋ ወድጄው እደፋለሁ፤ ለአሁኑ ግን የምወደው እሱን ነው። የት እንዳለ አልጨነቅም። ጭንቄ እዚህ አለመኖሩ ነው፤ ምሳ ሲደርስ የምጠራው ሰው ማጣቴ።

ትናንት እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጉልበታቸው አብጦ መደገፊያ ይዘው ገቡ። ቅቤ አቅልጬ ቀረብሁ።

«ስግደቴ ይደርሰው ይሆን?» አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ነበር። እኚህ ሁሉን ያስመነኮሱ ሴት ምን ያህል እንደሚፈሩ ያየሁት ገና አሁን ነው።

«እሱ እኮ ገብቷል እትዬ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ያስገባውን አውቀዋለሁ። በሉ አሁን ልሽዎ፣ እግርዎን ይዘርጉ።»

«ገና መች ጨረስሁለት።»

«ይዘርጉ።»

አመነቱ። ወደ በሩ አዩ፤ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አንዱን እግራቸውን ዘረጉ። ሌላውን ለጊዜው አጥፈው አቆዩት።